ያልመጡት ሽማግሌዎችና የሰኔ ወንዝ

«ሽማግሌዎቹን ካንስል አድርጌያቸዋለሁ» አለኝ ፍቅረኛዬ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ቦው ወንዝ ዳር ቆመናል። የተራራው በረዶ ቀልጦ፣ ዝናብ ተጨምሮበት፣ ውሃው ደፍርሶ ግንድ እየነዳ ይወርዳል። የሰኔ ጾም ሲፈታ ነበር ሽማግሌ ቤታችን የሚልከው። እናቴ የሳሎኑን መጋረጃ ሳይቀር ቀይራለች።

«ለምን?»

«አርፈሽ አትቀመጪማ! ፉትሂልስ መጋዘን ሥራ ገባሽ ሲሉ ወጥተሻል፤ ሺፍትሽን እንኳን የሚያውቅ የለም። እማዬ ፈራች።»

«የፈራው ማነው፣ እናትህ ወይስ አንተ?»

ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። «እሺ፣ መጀመሪያ ዓሣ እንያዝ» አልኩት። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። አንድ ትራውት ዓሣ ቢይዝ እንደ ድሮው ይስቃል፣ ከሳቀ ደግሞ እናወራለን ብዬ ነው።

«በዚህ ጎርፍ? ምን ዓሣ አለ?»

«አለ። መሃል ላይ ውሃው ስለሚያደክመው ዳር ይወጣል። ድንጋይ ጀርባ፣ ሣሩ ላይ፣ ውሃው ረጋ የሚልበት ይተኛል። ስለደፈረሰም አያይህም። ትልቁን ጥቁር መንጠቆ እሰርና እግርህ ሥር ጣለው።»

«ተይኝ፣ አውቃለሁ» ብሎ እንደ በጋው ጊዜ መሃሉ ላይ ወረወረ። ክሩ ግንድ ላይ ተጠመጠመ፤ ግንዱ ይዞት ሄደ። ሳቀ እንዴ ብዬ አየሁት። ስልኩን እያየ ነበር።

እኔ ባለፈው መስከረም ወንበር ዘርግተን የተቀመጥንበት ሣር ላይ ጣልኩ። አሁን ውሃ ውጦታል። ክሩ ወዲያው ተወጠረ። ክንዴን የሚያህል ትራውት ነው፤ ጎኑ ላይ ቀይ መስመር አለው።

«ልትለቂው ነው አይደል?» አለ። «እማዬ ሁሌ፣ ካልበላችሁት ለምን ታሰቃዩታላችሁ ትለናለች።»

«እናትህን ተዋትና፣ ለአባቴ ማን ይነግረዋል? አንዱ ሽማግሌህ እኮ እሁድ እሁድ ቅዳሴ ላይ አጠገቡ ነው የሚቆመው።»

«አንቺ ንገሪው። ከእኔ ቢሰማ ይከፋዋል።»

ዓሣውን አፉን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሬ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩት። እጄ ደነዘዘ። ጭራውን ሲያወራጭ ለቀቅኩት።

«ቅዳሜ ኮል አደርግልሻለሁ» አለኝ።

«አታድርግ» አልኩት። ዘንጌን አንስቼ፣ ቦት ጫማዬን ሳላወልቅ፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሄድኩ።