ከእንጨቱ ትሪቡን ሥር

እትዬ ሳሙኔ አናጺው ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትበላው ሁሉ እንጨት እንጨት ይላት ነበር። የምትጠጣው ያው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ምን ይላል። ጎረቤት ሲያለቅስላት ቁጭ ብላ ታያለች፤ እሷ ግን እንባ በየት በኩል እንደሚመጣ ጠፍቶባታል። «ደንዝዣለሁ እንጂ አልጨከንኩም» ትላለች ለጠየቃት። 

ሳሙኔ ያሏት የኳስ ክለቡ ተጫዋቾች ናቸው። ከኮረዳነቷ ጀምራ ጡረታ እስክትወጣ የክለቡን ማልያ ስታጥብ የኖረችው በአሮጌው ስታዲየም ውስጥ፣ ከእንጨቱ ትሪቡን ሥር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ክፍሏ መስኮት የላትም። ጣሪያዋ ራሱ የትሪቡኑ ጣውላ ስለሆነ፣ ብርሃኑም አቧራውም የሚገባው በጣውላዎቹ መሐል ነው። ጨዋታው እንዴት እንደሚሄድ የምታውቀው በደጋፊው እግር ነበር። የዚያ ክለብ ደጋፊ ማዕዘን ምት ሲገኝ አያጨበጭብም፤ ጣውላውን በእግሩ ይደበድባል። ያን ጊዜ የስንት ዓመት አቧራ ተነሥቶ ታጥቦ በተሰጣው ማልያ ላይ ይወርዳል። እሷም «ወይ አግቡ ወይ ተዉት፣ ምነው በኔ ተጫወታችሁ!» እያለች እንደገና ማለቅለቅ ነው።

እሷ ከታች፣ አናጺው ከላይ፤ ኑሯቸው እንዲህ ነበር። ከጨዋታ በፊት በየረድፉ እየሄደ ጣውላውን በተረከዙ መታ ያደርግና ያዳምጣል። የላላውን ያጠብቃል፣ የበሰበሰውን ይነቅላል። ያፈቀረው እሷን ይሁን ትሪቡኑን እያለ ሰው ያማው ነበር። እሷም አንዳንዴ ሐሜቱን ታግዛለች።

ታዲያ እሱ ካረፈ በኋላ ክለቡ «ስታዲየሙ ይታደስ ወይስ እንዳለ ይቆይ» የሚል ክርክር አነሣ። አንዳንዱ ይጠገን ይላል፣ አንዳንዱ አይነካ። «ቅርስ ነው፣ አንዲት ጣውላ እንዳትነኩ!» ከሚሉት ፊት የቆመው የአናጺው ታናሽ ወንድም ነበር። ድሮ የክለቡ ግብ ጠባቂ ስለነበረ ጓንቴ ይሉታል። ሰው ሁሉ ስታዲየሙን እየዞረ እንዲጎበኝ፣ ከዚያም ሐሳቡን እንዲሰጥ ቀን ተቆረጠ። በዚያን ቀን ጠዋት ጓንቴ ከረቫቱን አሥሮ ሊወስዳት መጣ።

«እትዬ፣ ዛሬ ነገሩን የምትዘጊው አንቺ ነሽ። አንዲት ቃል ብቻ።»

«ምን ልበል?»

«ይሄ ትሪቡን ከተሠራ ጀምሮ አንድ ሰው ጎድቶ አያውቅም በይልኝ። የአናጺው ሚስት ይህን ካለች ማን አፉን ይከፍታል?»

«አንተ አትለውም?»

«ብያለሁ። እኔንማ ማን ያምነኛል፣ በእግሬ መሐል ስንቱን ኳስ አሳልፌ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅለት ነበር። አሁን ጫማዋን ፈለገች።

ጓንቴ የማያውቀው ነገር ሆዷ ውስጥ አለ። አናጺው ቤት ውስጥ ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ ተብሎ ነው የተወራው። ወሬውን ያስወራችውም እሷ ናት። የወደቀው ግን እዚያው ትሪቡኑ ላይ ነው። እሷ ጎንበስ ብላ ካልሲ ስታሽ ከራስዋ በላይ ጣውላው ጷ አለና፣ በጣሪያዋ መጀመሪያ ጫማ ገባ፣ ቀጥሎ እግር። የባሏ እግር ከጣሪያዋ ተንጠለጠለ።

«አየሽ?» አለ ከላይ፣ በቀጭን ድምፅ።

«አየሁ» አለች።

ወጥታ ጎትታ ስታላቅቀው ላብ ያጠምቀው ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው እምቢ አለ። አስቀድሞ ጣውላው እንዲተካ ፈለገ። እሱ እግሩን ዘርግቶ፣ «ወደ ግራ... መዶሻውን ጫፉ ላይ ያዢው እንጂ፣ ማንኪያ አደረግሽው እኮ!» እያለ ሲያዛት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከሳሙና በቀር ያልያዘች ሴት ምስማር መታች። ከዚያ በኋላ ነው አስምሏት ወደ ሐኪም የሄደው። «ከሰሙ ትሪቡኑን ይዘጉታል። ሆድ ይፍጀው» አላት። ዳሌው አልዳነም። ከአልጋ ሳይወርድ ሞተ።

ስታዲየሙ ደረሱ። ሰዉ ድሮ የተቀመጠበትን ቦታ እየፈለገ ትሪቡኑን ሞልቶታል። እሷ ወደ ላይ አልወጣችም፤ ሜዳው ዳር ወንበር አወጡላት። እግረ መንገዷን የክፍሏን በር ገፋ አድርጋ አየችው። ገንዳው አለ። የማልያው ገመድ አለ። «አሁን ይመጣል» ብላ እንባዋን ጠበቀች። አልመጣም። በሩን መለሰችው።

የእድሳቱ መሐንዲስ ወጣት ሴት ናት፤ በትሕትና ነው የምትናገረው። «መልኩ አይለወጥም፣ እንጨትም ሆኖ ይቀጥላል። ግን ተከፍቶ መታየት አለበት። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ያለቀ ጣውላ አለ» አለች።

«አንቺ ሳትወለጂ የቆመ ነው!» አላት አንዱ ከላይ።

«እኔ ሳልወለድ የቆመ ስለሆነ እኮ ነው!» ስትለው የሷም የሱም ወገን ሳቀ።

ጓንቴ መካከለኛው ረድፍ ላይ ተነሥቶ ቆመ። «ምን ያከራክረናል? የባለሙያው ባለቤት እዚህ አለች። እትዬ ሳሙኔ፣ ይሄ ትሪቡን ሰው ጎድቶ ያውቃል?»

ስሟን ሲሰሙ ትሪቡኑ ማዕዘን ምት እንደተገኘ ሁሉ በእግር ተደበደበ። አቧራው ተነሣ። ቀና ብላ ስታያቸው ፊታቸውን አላየችም፤ ያየችው እግራቸውን ብቻ ነው። ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ የቆዳ፣ የሸራ፣ ያ ሁሉ እግር።

ጸጥ እስኪሉ ጠበቀችና፣ «ባሌ የወደቀው እዚህ ነው» አለች።

ጓንቴ የተሳሳተች መሰለው። «እትዬ፣ ከመሰላል ነው እኮ የወደቀው።»

«እኛ ቤት መሰላል አይተህ ታውቃለህ?»

ጓንቴ በሐሳቡ ቤታቸውን ሲፈትሽ፣ ከጓዳ እስከ ደጅ ሲዞር ይታይ ነበር።

«የቱ ጋ?» አለ በመጨረሻ።

«የቆምክበት። ሁልጊዜ የምትቀመጥበት። ምስማሩ ሱሪዬን ቀደደው፣ ወንድሜ ሙያው ከዳው ብለህ አምተኸው ነበር፤ ያን ምስማር የመታሁት እኔ ነበርኩ።»

«የሟች አደራ ይወጣል እንዴ?» አለች አንዲት ሴት፣ ቀስ ብላ፣ ግን ሁሉም ሰማት።

«ይወጣ አይወጣ አላውቅም» አለች እትዬ ሳሙኔ። «ወጣ።»

ጓንቴ ከቆመበት ጣውላ ላይ አንድ እግሩን አነሣ፣ ከዚያ ሌላውን። «ውረዱ» አለ። «እባካችሁ አንድ አንድ እያላችሁ ውረዱ። እግር እንዳትመቱ።» ቅድም ያን ሁሉ ሲያናውጥ የነበረ ሕዝብ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ፣ እጅ ለእጅ እየተያያዘ ወረደ። መሐንዲሷ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ደረጃው ሥር ቆማ፣ ሲጨርሱ መግቢያውን በገመድ አሰረችው።

የመጨረሻው ጓንቴ ነበር። መጥቶ ወንበሯ አጠገብ ቆመ።

«ለኔ እንኳ እንዳትነግሪ አለሽ?»

«ለአንተማ በተለይ። ካወቀ ዳግመኛ እዚህ አይቀመጥም ብሎ።»

ያኔ የዚያን ትልቅ ሰው ትከሻ ልቅሶ አርገፈገፈው። መሐረቧን ሰጠችው። ከመስኮት ውጪ የሚዘንብ ዝናብ እንደምታይ አየችው፤ ይዘንባል፣ እሷን ግን አይነካትም። በጎ ሠራሁ ወይስ አደራ በላሁ ብላ ራስዋን ጠየቀች። ከእጁ መሐረቡን ተቀበለችና አጣጥፋ ያዘችው።

«በል እንሂድ» አለችው። «አውቶቡሱ ይሞላል።»