በልጄ ጋሪ ላይ ያስገጠምኩት ቁልፍ

በልጄ ጋሪ ላይ ቁልፍ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ። ማንም አልመከረኝም። ሽማግሌ የተላከብንም በዚሁ ቁልፍ ነው፤ ነገሩን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ልጄ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ናት። ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የአገራችን ሰው ጋራዥ ትሠራ ነበር። ሰውየው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከፊት ከሚቀመጡት አንዱ ነው። ጋራዡ ውስጥ ሞተር የሚያወርድና ጎማ የሚቀይር ሞልቷል፤ መብራቱ የጠፋ ወይም ባትሪው እያደረ የሚሞት መኪና ሲመጣ ግን የምትጠራው እሷ ነበረች። መሣሪያውም የራሷ ነው። የመኪናውን ችግር የሚያነበውን ስካነር፣ ላፕቶፑን፣ ኤሌትሪክ የሚለካውን ቴስተር፣ ሽቦ ውስጥ የሚገቡትን ቀጫጭን መርፌዎች ሁሉ አንድ በአንድ ነው የገዛችው።

መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ የስፖርት ቦርሳ አጭቃ ትይዝ ነበር። አንድ ቀን ቦርሳውን ላጥብላት ብዬ እጄን ስከት መርፌው ጣቴን ወጋኝ። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢሮ እያጸዳሁ የሚታየኝ ይኸው ሆነ፦ ላፕቶፑ ከሞተሩ ላይ ሲንሸራተት፣ የኤሌትሪክ ገመዱ እርጥብ ወለል ላይ ተዘርግቶ ልጄ ስትረግጠው።

ስለዚህ ሥራውን የሚዘጋ አንድ ጋራዥ ባለ ጎማ የመሣሪያ ጋሪ ሲሸጥ ስታገኝ "ግዢው" አልኳት። ሳን ሊያንድሮ ያለው አፓርትመንታችን ሳሎን ውስጥ አስገብተን ማደራጀት ጀመርን። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ ስለ መኪና ኤሌትሪክ የማውቀው ነገር የለም። ጋሪ ግን አውቃለሁ። ዳውንታውን ኦክላንድ የጽዳት ጋሪ ስገፋ ነው የኖርኩት። ከባዱ ነገር ከታች ካልሆነ ጋሪ ይገለበጣል። ቶሎ ቶሎ የሚነሳው ዕቃ ሳያጎነብሱ እጅ የሚደርስበት መቀመጥ አለበት። ከጠርዝ ወጥቶ የተንጠለጠለውን ሁሉ አንድ ቀን በር ይዞ ያስቀረዋል።

"ማሚ፣ ይሄ እኮ ሞፕ አይደለም" አለችኝ እየሳቀች።

"መወልወያም ቢሆን ቦታ አለው" አልኳት።

የባትሪ ቻርጀሩን ከታች አደረግነው። ላፕቶፑን ከላይ በቀበቶ አሰርነው። የኤሌትሪክ ማከፋፈያውን ከጋሪው እግር ጋር በብሎን አጠበቀችውና ከጋሪው ወደ ግድግዳ የሚሄደው አንድ ገመድ ብቻ ሆነ፤ ያኔ ትንሽ ተነፈስኩ። ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ጋር በጎን በኩል መንጠቆ ላይ ሰቀልነው። መሳቢያዎቹ ውስጥ ከአሮጌ ፍራሽ የቆረጥኩትን ስፖንጅ አነጠፍኩ። እያንዳንዱን መሣሪያ ላዩ ላይ አስተኝቼ፣ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሬ፣ በወጥ ቤት ቢላ ፈለፈልኩለት። ቴስተሩ የራሱ ጉድጓድ አለው፣ መርፌዎቹም የራሳቸው። አንድ ዕቃ ከተነሳ ባዶ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይታያል። ሲያልቅ በኪራይ መኪና ጋራዡ አደረስነው፤ የሚያድረውም እዚያው ሆነ።

ጣጣውን ሁሉ ያመጣው የጉድጓዱ መታየት ነው። ቦርሳ ውስጥ እያለ ልጄ ዕቃ ስታጣ "እኔው ጥዬው ይሆናል" እያለች ራሷን ትወቅስ ነበር። አሁን ግን ጠዋት ሞልቶ የነበረው መሳቢያ ከሰዓት በኋላ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ይሆናል። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ወንዶች ሳይጠይቁ ያነሳሉ፤ አይመልሱም። ከሁሉም የባሰው ባለቤቱ ራሱ ነው። ስትጠይቀው "ምነው ልጄ፣ እንዲህ ስስታም ሆንሽ? ፈረንጅ ሆንሽብን እኮ!" ይልና ሌሎቹን ያስቃል። እሷ ዕቃዋን ፍለጋ ከመኪና መኪና ስትዞር ባለ መኪናው የሚጮኸው በማን ላይ ነው? በእሷ ላይ።

"ለምን እምቢ አትይም?" ስላት፣

"ማሚ፣ ጋሼን እንዴት እምቢ እላለሁ? ኢትስ ሶ ሩድ፣ ነውር እኮ ነው" ትለኛለች። እንግሊዝኛው እንኳ የሚመጣላት ለይሉኝታ ነው።

በዚህ መሀል ሳን ሆዜ ያለ አንድ ትልቅ ጋራዥ ጠራት። የራስሽን መሣሪያ ይዘሽ ሰኞ ነይ፣ ባትሪው እያደረ የሚሞት መኪና እንሰጥሻለን፣ ችግሩን ካገኘሽው ትቀጠሪያለሽ አሏት። የሕክምና ኢንሹራንስ ያለው፣ የሚያሳድግ ሥራ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ሰኞ ጠዋት መሳቢያው ሲከፈት ጉድጓዱ ባዶ ቢሆንስ?

ሐሙስ ዕለት ቁልፍ ገዝቼ ኦክላንድ ጋራዡ ድረስ ሄድኩ፤ አጠገቧ ቆሜም አስገጠምኳት። የመጨረሻውን ብሎን ስታጠብቅ ባለቤቱ የእሷን ቴስተር በእጁ እንደያዘ መጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

"ቁልፍ ነው፣ ጋሼ" አለች ልጄ።

"ቁልፍነቱንማ አየሁት። በማን ላይ ነው የምትቆልፊው?"

"በማንም ላይ አይደለም" አልኩ እኔ። "ዕቃው እንዳይጠፋ ነው።"

"እዚህ ያለነው እኛ ነን፣ እህቴ። እኛን ሌባ ማለትሽ ነው።" ቴስተሩን የቱታው ኪስ ውስጥ ከተተ። "ቁልፉ እስካልወጣ ድረስ ይሄም አይመለስም።"

ልጄ አንገቷን ደፋች።

ይባስ ብሎ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌ ይዞ ቤታችን መጣ። የተበደልነው እኛ፣ ሽማግሌ የሚልከው እሱ! ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው በሽተኞችን በቫን ወደ ክሊኒክ የሚያመላልሱ ደግ ሰው ናቸው፤ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ሌላኛው ሻያቸውን እየጠጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"እንግዲህ፣ እህቴ" አሉኝ ባለ ቫኑ፣ "በወንድማማች መካከል ቁልፍ ምን ይሠራል? ልጅቷ ተነስታ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ቁልፉ ይነሳ፣ እሳቸውም ዕቃዋን ይመልሱ። በቃ፣ አለቀ።"

"የእሳቸው ቢሮ ማታ አይቆለፍም?" አልኩኝ።

"ቢሮማ ሌላ ነው" አለ ባለቤቱ።

"ምኑ ነው ሌላ የሚያደርገው? የእርስዎ ሲሆን የግል፣ የእሷ ሲሆን የማኅበር ነው?"

"ኧረ ቀስ፣ ኧረ ቀስ" አሉ ሽማግሌው። "ቁጣ ለማንም አይበጅም።"

ቁጣ አይበጅም። ልጄ ስትዘረፍ ዝም፣ እኔ ስናገር ግን ቁጣ! ገና አፌን ስከፍት ልጄ ከወንበሯ ተነሳች፤ ባለቤቱ ፊት ጎንበስ ብላ "ይቅርታ፣ ጋሼ" አለች። እሱም ደስ ብሎት በፌስታል የጠቀለለውን ቴስተር ሰጣት። ስለ ቁልፉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ቴስተሩን ልትሞክረው ይዛ ፓርኪንግ ወደ ቆመችው መኪናችን ወረደች።

ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። "ጋሼ፣ በምን ላይ ተጠቀሙበት?"

"ምን በምን አለው? ባትሪ ለካሁበት።"

"ገመዱን ከረንት በሚለካው ቀዳዳ ሰክተው?"

"እንዴት እንደተሰካ አላየሁም። አንድ ጊዜ ጧ አለ።"

"ታዲያ ጧ ካለ አልቆለታላ!" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቃል ያልወጣቸው ሰውዬ።

ጀርባውን ፈታ አሳየችን፤ ውስጡ ያለችው ፊውዝ ተቃጥላለች። ከመኪናው ምን ያህል ኤሌትሪክ እየፈሰሰ እንደሆነ የሚለካው በእሷ በኩል ነው። ተራ የመኪና ፊውዝ ደግሞ አይደለችም፣ በትእዛዝ ነው የምትመጣው። ፈተናው ነገ ነው።

"ሲሰጠኝም እንደዚሁ ነበር መሰለኝ" አለ ባለቤቱ።

"ማን ሰጠዎት?" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። "ማን ሰጠዎት? ራስዎ ወሰዱ! የልጄን እንጀራ አቃጥለው ይቅርታ ሲያስጠይቋት ትንሽ አያፍሩም?"

ባለቤቱ ቀስ ብሎ ጫማውን አደረገና ወጣ። ባለ ቫኑ ሽማግሌ በር ላይ ዞር ብለው "ነገ ጋሪውን በእኔ ቫን እናደርሰዋለን፤ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ አለው" አሉ። እምቢ ልል ነበር፤ ግን መኪናችን ጋሪውን አትችለውም።

ሰኞ ማለዳ ጋሪውን ከኦክላንዱ ጋራዥ አውጥተን ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። ልጄ ቴስተሩን ጭኗ ላይ ይዛዋለች። "እንዴት ልትሠሪ ነው?" ስላት "አይ ዶንት ኖው፣ ማሚ። ከመጀመሪያው እውነቱን እነግራቸዋለሁ" አለች። እኔና ሽማግሌው ከመንገዱ ማዶ ቫኑ ውስጥ ቀረን። የጋራዡ ትልቁ በር ክፍት ስለነበር ይታየኛል። ፈታኟ ከሆነች አንዲት አጭር ሴት ጋር ተነጋገረች፣ ቴስተሩን አሳየቻት። ሴትየዋ ትከሻዋን ነቀነቀች። ከዚያ ልጄ እጇን አጣጥፋ አንድ ነጭ መኪና ፊት ቆመች፣ ቆመች። አለቀላት አልኩ። ያንን ሰው በልቤ የረገምኩትን እርግማን እዚህ አልጽፈውም።

ለካስ የቆመችው መኪናው ተዘግቶ፣ ኤሌትሪኩ በየተራ ጠፍቶ እንዲያንቀላፋ እየጠበቀች ነው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ቴስተሩ ከረንት መለካት ቢያቅተውም ቮልት ይለካል። መርፌዎቹን በመኪናው ፊውዞች ሁለት ጫፎች ላይ በየተራ አስነካቻቸው። ኤሌትሪክ የማያልፍበት ፊውዝ ዜሮ ያሳያል፤ የሚያልፍበት ጥቂት ቁጥር ያወጣል። መኪናው አንቀላፍቶ ሳለ ቁጥር ያወጣውን ፊውዝ ስትከተል መኪናው ከተገዛ በኋላ ሰው የቀጠለበት ካሜራ ላይ ደረሰች፤ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን የሚጠጣው እሱ ነበር።

ጋሪውን እየገፋች ወጥታ ወደ ቫኑ ስትመጣ ከእርምጃዋ አወቅሁ።

"በሚቀጥለው ሰኞ ጀምሪ አሉኝ።"

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። "ጌታ ይመስገን! ጸሎታችን ተሰማ!"

"የማን ጸሎት?" አልኳቸው። "ትናንት ሳሎኔ ውስጥ ቁልፉን አንሺ ሲሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ማሚ፣ ፕሊስ" አለች ልጄ።

ሽማግሌው እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። "አዎ፣ ብዬ ነበር" አሉ። ወርደው መወጣጫውን ዘረጉላት። እኔ ግን አልበረደልኝም። ከአንዱ ጎን እሳቸው፣ ከሌላው ጎን እኔ ሆነን፣ ጋሪውን ገፍተን ቫኑ ውስጥ አስገባነው።