የክሩ ካልሲና የሰኢድ አውራ ጣት

የኤሌክትሪክ ኬብል ዝርጋታ ሥራ የጀመርኩት አዋሽ ከተማ ነው። በዚያው ጠዋት ሰኢድም ጀመረ። ፎርማናችን ጋሼ ተፈራ ለሁለታችንም ሄልሜት ሰጡንና ከሽቦ የተጠለፈ ረጅም ከረጢት አሳዩን። «ይህ ካልሲ ይባላል። ለኬብሉ ጫፍ ታለብሱታላችሁ፤ ሲጎተት እየጠበቀ ይነክሰዋል። ከለቀቀ የመጎተቻው ገመድ ተመልሶ ሰው ይመታል» አሉ።

ካልሲው ሁለት ዓይነት ነው። የብረቱ ጠንካራ ነው፤ ግን ኮረንቲ ያስተላልፋል። የክሩ አያስተላልፍም፤ መብራት ሳይጠፋ ለመሥራት ይመረጣል። ይህን ከሰኢድ ቀድሜ በቃሌ ያዝኩ። ጋሼ ተፈራ ግን እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ «ሰኢድ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ይሉ ነበር። አንጀቴ እርር ይላል። ሰኢድ የወሎ ልጅ ነው፣ አፉ ማር ነው፤ እኔን ግን «ስትናገር የምትጣላ ትመስላለህ» ይሉኛል።

ዓመታት አልፈው ሰመራ ተላክን። ጋሼ ተፈራ ጡረታ ሊወጡ ነበር። ፎርማንነቱ ከሁለታችን ለአንዳችን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ሥራው ወፍራም ኬብል በቱቦ አሳልፎ ኮረንቲ ካለበት ሳጥን አጠገብ ማውጣት ነው።

«የክሩ ይሁን፤ መብራት አናጠፋም» አልኩ ቀድሜ። ጋሼ ተፈራ «ጥሩ» አሉ። ደረቴ ተነፋ።

ሰኢድ ካልሲውን ከመኪናው ጣሪያ አወረደ። የእኛ ልማድ ዕቃውን ሁሉ ጣሪያ ላይ አስሮ መክረም ነው። ክሩን በአውራ ጣቱ ሲያሸው ብናኝ ረገፈ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ይሄን ፀሐይ ጨርሶታል። ብረቱን እናልብስ፣ መብራቱ ይጥፋ።»

«በዚህ ሙቀት? ሰው ይሰድበናል!» አልኩ።

ጋሼ ተፈራ እሳቸውም አሹት። «ይጥፋ» አሉ።

ጠፋ። ማዶ ያለው ባለሱቅ «ፍሪጅ ውስጥ ያለው ወተቴ ሊበላሽ ነው!» እያለ ጮኸብን። በልቤ ጎሽ አልኩት። ኬብሉ ግን ያለ ችግር ወጣ። ከዚያ ጋሼ ተፈራ የክሩን ካልሲ ለቁራጭ ኬብል አልብሰው በመኪና አስጎተቱት። ገና ሳይጠብቅ ለሁለት ተቀደደ። እኔ እንዳልኩት ቢሆን ኖሮ ገመዱ ፊት የምቆመው እኔው ነበርኩ።

ፎርማንነቱ ለሰኢድ ሆነ። በማግስቱ ጠርቶኝ «ወንድሜ፣ ካልሲ የሚመርጠው ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ። ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም» አለኝ። ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር። በደግነትም ቀደመኝ።

አሁን እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ለአዲስ ሠራተኛ የምለው ይህን ነው፦ ብረቱን መብራት አጥፍተህ ተጠቀም፤ ክሩን ጥላ ሥር አስቀምጥ፤ ከመጎተትህ በፊት በጣትህ እሸው። ቅናትን የት እንደሚያስቀምጡት ግን እስካሁን አላውቅም።