ቫሪያብል የሚያጠናው ሰው

ኮምፒውተር የምጠግንበት ሱቅ ሰሞኑን በምሳ ሰዓት የሚመጣ አንድ ሰውዬ አለ። የኮቱ ክርን ተጥፏል፤ ጫማው ግን ሁሌም የተወለወለ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን የጠበቀ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ወደ ኮምፒውተር ስላዞረው ነገ ይፈተናል። ከወደቀ የሚመደበው በር ጥበቃ ላይ ነው።

ለፈተናው «ቫሪያብል» የሚለውን የኮምፒውተር ቃል ከነእንግሊዝኛ ፍቺው በአማርኛ ፊደል ጽፎ ሸምድዶታል። አንዲት ቃል ሳይስት ይወጣዋል። ምን እንደሚሠራበት ሲጠየቅ ግን ያንኑ ፍቺ ይደግማል።

«ጋሼ፣ ስም የተለጠፈበት ሣጥን ነው ይበሉ» አልኩት። «አምስት ቁጥርን ያስገቡበታል። በኋላ ሰባትን ሲያስገቡበት አምስቱ ይጠፋል።»

«የት ይሄዳል?»

«የትም። ይጠፋል በቃ።»

«ማን ፈርሞ አወጣው?»

«ማንም አይፈርምም።»

መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገው። «ልጄ፣ እኔ እንዲህ ብሠራ ኖሮ ይሄኔ ወህኒ ነበርኩ።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

የፈተናውን ዓይነት ጥያቄ ጻፍኩለት፦ ሣጥኑ ውስጥ መጀመሪያ አምስት፣ ቀጥሎ ሰባት ገባ፤ አሁን ስንት አለ? ብዙ አሰበና በሚያምር የእጅ ጽሑፉ «አሥራ ሁለት» ብሎ ጻፈ። ይህን ስህተት ዛሬ ሲደግመው አራተኛ ጊዜው ነው።

«ባይገባዎትም ሰባት ብለው ይጻፉና ይለፉ፣ ጋሼ። የሚፈልጉት እሱን ነው።»

ወረቀቱን አየው፤ እኔንም አየኝ።

«አምስቱ ሲገባ በዓይኔ አይቼ ሰባት ብዬ ልፈርም?» አለኝ።