ድንኳኑ ውስጥ የበላው ሰው

ወንድሜን ፖሊስ የወሰደው በጓደኛው ቀብር ዕለት ጠዋት ነው። ሟች ቀራንዮ ሰፈር የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ እንደ ወንድሜ በስልክ እየተጠራ ሰው የሚያደርስ ሾፌር። ቤቴል አካባቢ መኪናው ውስጥ ታንቆ ተገኘ። በዚያው ዓመት እንዲህ ሲገደል ሦስተኛው ሾፌር መሆኑ ነው። መጨረሻ የደወለለት ወንድሜ ስለነበር ጥርጣሬው እሱ ላይ አረፈ። ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ልጅ።

ያም ሆኖ ድንኳን ገብቼ ምግብ አቀረብኩ። ብቀር «ጥፋታቸውን አውቀው ነው» ይባላል፤ የሰፈራችንን አፍ አውቀዋለሁ። የሟች እናት ግን «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ስላቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ደሜ ፈላ። ልጃቸውን የቀበሩ ናቸውና ዋጥኩት።

ከለቀስተኞቹ አንዱ ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሏል። በግራው ሊጎርስ ሲል አይቼ ማንኪያ አመጣሁለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ቆርቆሮ ቆርጦኝ ነው» አለኝ።

እኔ የሟች ዘመድ መሰለኝ፤ ዘመዶቹ ደግሞ የሥራ ባልደረባው መስሏቸዋል። ለቅሶ ላይ «አንተ የማን ነህ?» ተብሎ አይጠየቅም። የመጣ ሁሉ ይቀመጣል፣ ይበላል።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ስንቅ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ሆነ። ያየኝ ሁሉ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይለኛል፤ እኔ ግን ማደሩ ሰልችቶኛል። አንድ ቀን ተራ ስጠብቅ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። መጀመሪያ የተገደለው ሾፌር ሚስት ናት፤ ምርመራው የት እንደደረሰ ልትጠይቅ መጥታ ነው። የማን እህት እንደሆንኩ ስነግራት ትነሳለች ብዬ ነበር፤ አልተነሳችም። ስልኳን አውጥታ የባሏን ቀብር ቪዲዮ ታሳየኝ ጀመር። አስከሬኑን ከተሸከሙት መሃል ማንኪያ ያመጣሁለት ሰውዬ አለ።

«ይሄ ዘመዳችሁ ነው?» አልኳት።

«አይ፣ የሥራ ጓደኛው መስሎኝ።»

«እኛ ሰፈር ለቅሶ ላይም ነበር» አልኳት። ተያይዘን መርማሪው ዘንድ ገባን። ስለተጠቀለለው እጅ ስነግረው መጻፉን ትቶ አየኝ። ለካ የጎረቤታችን ልጅ መኪና ወንበር ላይ የሟች ያልሆነ ደም ተገኝቷል፤ የወንድሜም እንዳልሆነ ታውቋል፤ «ተባባሪ ይኖረዋል» ብለው ነው የያዙት። የሁለተኛውን ሟች ቤተሰብ ቪዲዮ አስመጣ። ሰውዬው እዚያም አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። በኋላ ሰውዬው ተይዞ፣ በተርታ ከቆሙ ወንዶች መሃል ለይቼ ጠቆምኩት፤ መዳፉ ላይ ጠባሳው ነበር። ደሙ ከወንበሩ ደም ጋር አንድ ሆነ፤ የሟቾቹ ስልኮችም ቤቱ ተገኙ። እንቅልፍ የሚባል ነገር የወሰደኝ ያን ቀን ነው።

ወንድሜ ሲፈታ ቤት አልገባም አለኝ።

«ለቅሶ አልደረስኩም እኮ።»

ጎረቤት በር ላይ ስንደርስ እናትየው ወጡ። አንገቱ ላይ ተጠምጥመው «ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። ለጓደኛው ጮኾ ያለቀሰው ያኔ ነው። እኔም አብሬ አለቀስኩ። እናትየው ለልጃቸው የማለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ» እያሉ እጄን ያዙኝ። የእኔ ግን የደስታ እንባ ነበር። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ሰው ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሜ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።