በቅንድቤ የመለስኳቸው ጥያቄዎች

ሐኪሙ ሦስት ሳምንት እንዳልናገር አዘዘ። ሹክሹክታም ክልክል ነው፣ እንዲያውም ከመናገር ይብሳል አለ። እንቅርቴ ሲወጣ ድምፅ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ትንሽ ተነካክቷል፤ ካረፈ ድምፄ ይመለሳል፣ ካላረፈ እንደ ሻከረ ይቀራል። ይህን ሁሉ የነገረው ለታናሽ እህቴ ነው። እኔ እዚያው አጠገቧ አልጋ ላይ ነበርኩ።

ዝምታ አይከብደኝም ብዬ ነበር። ቡታጅራ መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ የሰው ጉዳይ አይቶ ዝም ማለት ነበር። የከበደኝ «አዎ» ማለት ነው። እኛ ሰው ሲያወራን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ አዎ፣ ሰምቼሃለሁ፣ ቀጥል ማለታችን ነው። ሳላስበው ስለማደርገው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስፌቱ ደጋግሞ ቆጠቆጠኝ። በኋላ ለአዎ ቅንድቤን ከፍ ማድረግ ለመድኩ። አንገቴን ማዞር ስለማልችል ለአይደለም ጣቴን አወዛውዛለሁ።

ከሆስፒታል ስወጣ ወደ ቡታጅራ አልተመለስኩም። ቀጠሮው በሦስተኛው ሳምንት ስለነበረ እዚያው ወልቂጤ እህቴ ቤት አረፍኩ። ልጆቼ ሩቅ ናቸው፤ ባሌ ከሞተ ቆይቷል።

እህቴ ቤት ስገባ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ይዤ ነበር። ከመውጣቴ በፊት በነበረው ቀን ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ ወደ አልጋዬ መጣና በእንግሊዝኛ አስረዳቸው። ነጠላ ተከናንባ የተኛች አሮጊት እንግሊዝኛ ትሰማለች ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ጊዜ ነው። ከወጣው እንቅርት ተቆርጦ አዲስ አበባ ለምርመራ ተልኳል አለ። ካንሰር ሊሆን ይችላል አለ። ውጤቱ ሲመጣ ለቤተሰብ ይደወላል አለ። ከዚያ እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ መታ መታ አድርጎኝ «አይዞሽ እማማ» ብሎ በአማርኛ አለፈ።

እናታችን የሞተችው አንገቷ ላይ በወጣ ነገር ነው። የበሽታውን ስም የነገረን አልነበረም። እህቴ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ዛሬም ስለዚያ ክረምት ስታወራ አንደበቷ ይተሳሰራል። ስለዚህ አልነግራትም አልኩ። ልንገራት ብል በወረቀት ጽፌ መስጠት ነበረብኝ። ያን ቃል ጽፎ ለእህት መስጠት የሚቻል አልመሰለኝም።

ሆስፒታል የተመዘገበው ስልክ የእሷ ነው። በጮኸ ቁጥር ፊቷን አያለሁ።

የታመመ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ከማይናገር በሽተኛ ጋር ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። እግዚአብሔር ይማርሽ ይሉኛል፣ እኔ ቅንድቤን አነሳለሁ፣ ከዚያ ቁም ሣጥን እንደሆንኩ በላዬ ላይ እርስ በርስ ያወራሉ። ይህን ያስቀረችው አንዲት የእህቴ ጎረቤት ናት። ጎጃም ተወልዳ ወልቂጤ ያረጀች አስተማሪ ናት፤ ሠፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላታል። ከሰዓት በኋላ ከምትመጣው ከሌላዋ ጎረቤት፣ ከጨርቅ ነጋዴዋ ጋር አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ «ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያንቀላፋብኝ የማደርገውን ላምጣ» አለች። እሷ አንድ ግራ የሚያጋባ ታሪክ ትናገራለች። ሌሎቹ ጠይቀው ምክንያቱን ይደርሱበታል። ጥያቄው ግን አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ብቻ መሆን አለበት።

«አንዲት ሴት ጥሩ ምግብ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው» አለች። «ከወራት በኋላ ስታወጣው ኮምጥጧል። በጣም ደስ አላትና...»

«ቆጮ ነው» አለች እህቴ።

«ኧረ ጠይቂ እንጂ!»

«ምኑን ልጠይቅ? ጉድጓዱ ጓሮዬ ነው ያለው።»

ነጋዴዋ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። «ቲቸር፣ ይህን ሁሉ ዓመት አብረሽን በልተሽ ቆጮን እንቆቅልሽ አደረግሽው?»

«አገሬ ሄጄ ብጠይቅ ስንት ሰው አንድ ሰዓት ፈጅቶበታል» አለች ቲቸር እያፈረች።

በማግሥቱ ከባድ ይዛ መጣች። መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ለእኔ ሰጠችኝ። «ዳኛዋ እርስዎ ነዎት። ከአሁን ጀምሮ እኔም ከጠያቂዎቹ ጋር ተቀምጬ እስቃለሁ።»

ታሪኩ ይህ ነው። አንድ ሰው በየገበያው ቀን ከቡኢ ቡታጅራ በአውቶብስ ይሄዳል። ሲሄድ ተቀምጦ ነው። ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ቆሞ ይመለሳል። ለምን?

ነጋዴዋ የንግድ ሰው ናት፤ ወዲያው ዕቃውን ፍለጋ ገባች። እንቁላል ገዝቶ ነው? ጣቴን አወዛወዝኩ። ቅቤ ተሸክሞ እንዳይቀልጥበት? በርበሬ? ዶሮ? እህቴ «ሰክሮ ነው?» አለች። «ሚስቱ አብራው ናት?» አለች። ሻይ ቀዘቀዘ። መጨረሻ ላይ ነጋዴዋ ተናዳ «ሌላው ቢቀር ገበያ ነው አይደል የሄደው?» አለችኝ።

ጣቴን አወዛወዝኩ።

ከዚያ እህቴ ቀስ ብላ «ሐኪም ቤት?» አለች። ቅንድቤን አነሳሁ።

«ቂጡን ተወግቶ ነዋ!» ብላ ነጋዴዋ ጮኸች። «ምስኪን! ወላሂ እኮ እኔ አንድ ሱቅ ሙሉ ዕቃ አሸከምኩት!»

ሳቁ ስፌቱን እንዳይጎትትብኝ አንገቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ቲቸር «የገበያ ቀን ስላልኩ ሁላችሁም ገበያ ወሰዳችሁት» አለች። «ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ አልነበረም።»

ከዚያ በኋላ ከሰዓቱን መጠበቅ ጀመርኩ። ለዳኝነቱ ጥሩ ነሽ አሉኝ፤ ፊቴ ምንም አያሳይምና። ነጋዴዋ «እትዬ፣ አንቺ ፊት ላይ ክረምትና በጋ አይለይም» ትለኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። እህቴ ቁጥሩን አይታ ወደ ጓሮ ወጣች። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለነበር አልሰማሁም። ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ፊቷን ታጥባለች። «ማን ነው?» ብዬ በእጄ ብጠይቃት «የዕድር ሰው ነው» አለች።

እህቴ ውሸት አታውቅበትም። ጆሮዋን ትነካለች። ያን ጊዜም ነካች።

በማግሥቱ ማክሰኞ ነበር፤ በዓል የለም፣ እንግዳ የለም። ክትፎ ሠራች። በእጇ ከትፋ፣ ለጉሮሮዬ እንዲለሰልስ አድርጋ፣ ቅቤውን ሳትሳሳ። ነጋዴዋም መጣች፤ የእኛን ሥጋ ስለማትበላ አይብና ጎመን ቀረበላት። ሁለቱም የሚበሉትን ትተው እኔን ያያሉ። ነጋዴዋ ሳይጠየቅ «አልሐምዱሊላህ፣ በላች» አለች። እህቴ ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

እናታችን ልትሞት ሁለት ሳምንት ሲቀራት አባታችን ያለ በዓል ክትፎ አሠርቶላት ነበር። ያለ በዓል ክትፎ ለምን እንደሚሠራ ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።

በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ ክፉ ነገር አይነገርም። እኔም ለስንት ሰው ደብቄያለሁ። ስለዚህ አልተቀየምኳትም፤ ትክክል ነው ያደረገችው አልኩ። የምታውቀውን እንደማውቅ ብታውቅ ይከብዳታል ብዬ ፊቴን ይበልጥ አጠነከርኩ። ቡታጅራ ያለውን ቤቴን፣ ተከራዮቹን፣ ለማን ምን እንደምተው በልቤ ሳዘጋጅ ቆየሁ። ስለዚያ ሳምንት ይህን ያህል ብዬ ልለፍ።

እንቆቅልሹ አልቆመም ነበር። እኔ ግን ስቼ ለአይደለም ቅንድቤን አነሳለሁ፤ ጥያቄውን ሁለቴ ይደግሙልኛል። አንድ ቀን ቲቸር ባዶ እጇን መጣች።

«ዛሬ ታሪክ አላመጣሁም» አለች። «እንቆቅልሹ እዚህ ቤት ነው ያለው። እትዬ፣ ከባለፈው ሳምንት ወዲህ ልክ አይደሉም። ከፈቀዱልን እንጠይቅዎት። ካልፈቀዱ እጅዎን ያንሡና እንተወዋለን።»

እጄን ለማንሣት አስቤ ነበር። እጄ ጭኔ ላይ ቀረ። ጽፌ መስጠት አልችልም፤ ቅንድብ ማንሣት ግን ያን ያህል አይከብድም።

«የጠፋብዎት ነገር አለ?» ጣት።

«ልጆቹን ይመለከታል?» አለች ነጋዴዋ። ጣት። «ምግቡ ነው? እውነቱን ተናገሪ፣ ያ በየቀኑ የሚሰጥሽ ሾርባ እኔንም አንገሽግሾኛል።»

«አንቺ መቼ ቀምሰሽው ነው!» አለች እህቴ።

«ሽታው!»

«ሕመምዎን ይመለከታል?» አለች ቲቸር። ቅንድቤን አነሳሁ።

እህቴ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «ያምሻል?» ጣት።

«የሰሙት ነገር አለ?» ቅንድብ። «ሐኪሙ ነግሮዎት?» ጣት። «ለእርስዎ ሳይሆን፣ እርስዎ እያሉ ሲነገር ሰምተው?» ቅንድብ።

ነጋዴዋ እህቴን አየቻት። እህቴ እኔን ብቻ ነበር የምታየው። ድምፅዋ ቀጠነ። «አዲስ አበባ ስለተላከው?»

ቅንድቤን አነሳሁ።

«ያ ረቢ» አለች ነጋዴዋ።

«ምንድነው የተላከው?» አለች ቲቸር። እሷ ምንም አታውቅም ነበር።

«ቆይ ቲቸር፣ ዝም በይ» አለች ነጋዴዋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለች እህቴ።

ነጋዴዋ በዚያ ሰዓት እንኳ አላስቻላትም። «አዎ ወይም አይደለም የሚባለውን ጠይቂያት እንጂ!»

«ከሆስፒታል ጀምሮ?» ቅንድብ። «ውጤቱንም ታውቂያለሽ?» ቅንድብ።

የሆነ ነገር እንደገባት አየሁ። ከወንበሯ ወርዳ እግሬ ሥር ቁጭ አለችና ሁለት ጉልበቴን ያዘች።

«ክፉ ነው ብለሽ ነው የምታውቂው?»

ቅንድቤን አነሳሁ።

«ነጻ ነው!» አለች። «ነጻ ነው እኮ! እንቅርት ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም አሉ። የዕድር ሰው ነው ያልኩሽ ቀን ነው የደወሉት። ጓሮ ሄጄ መሬት ስሜ መጣሁ። ወይኔ እቴ፣ ወይኔ!»

ነጋዴዋ መሐረቧን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች ወይም ትስቃለች። ቲቸር «እንግዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?» አለች።

«ምን ብዬ?» አለች እህቴ። «አታውቅም መስሎኝ! የማታውቀውን ፍርሃት ከየት አምጥቼላት ነው ነጻ ነሽ የምላት? ካንሰር የሚለውን ቃል ሳትሰማው ቢያልፍ ይሻላል አልን። በክትፎ እናክብርላት አልን።»

«ክትፎው!» አለች ነጋዴዋ።

ወረቀትና እርሳስ ጠየቅኩ። ስለ እናታችን ክትፎ ጻፍኩና ለእህቴ ሰጠኋት። አነበበችው። እሷ ያኔ ልጅ ስለነበረች ያን ቀን የምታስታውሰው ቤት ውስጥ ክትፎ መበላቱንና እናታችን መሳቋን ብቻ ነው። እሷ ደስታ ብላ የያዘችውን እኔ ስንብት ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ያን ቀን የቀረበልኝን ሾርባ ጨረስኩ። ነጋዴዋ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ዳኝነቱ ቀርቶብሻል» አለችኝ። «ፊትሽ አይታመንም።»

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመብራት አየና ፋይሉን ገልጦ ወደ እህቴ ዞረ። «ያው በስልክ እንዳልኩሽ...» ብሎ ጀመረላት።

«ለእኔ ንገረኝ፣ ልጄ» አልኩት።

ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም፤ ዝቅ ያለና የጎረነነ ነበር። ሐኪሙ ደነገጠ። መናገር ገና አልፈቀደልኝም ነበርና። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ፤ ፋይሉን አስቀምጦ በአማርኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረኝ። ምን እንደጠረጠሩ፣ ምን እንደላኩ፣ ምን እንዳላገኙ። የማውቀው ነው። ቢሆንም ሁሉንም ሰማሁት፤ አላቋረጥኩትም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መናገር ትችያለሽ አለኝ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እህቴ እጄን ይዛ መንገድ መንገዱን ታይ ነበር። ገበያው ጋ ስንደርስ ዞረች።

«አሁን የደበቅሽኝ ሌላ የለም? ሁሉን ነግረሽኛል?»

ቅንድቤን አላነሳሁም። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ። ስፌቱ አልቆጠቆጠኝም፤ ድምፁም እንደ ድሮው ወጣ።