ዶክተር ሦስት ቀን

በሰፈሩ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ያወጡላቸው እናቶች ናቸው። ልጃቸውን ታቅፈው፣ ልባቸው ተንጠልጥሎ ይመጣሉ። ሐኪሙ ጆሮውን ያያሉ፣ ደረቱን ያዳምጣሉ፣ ሆዱን በሁለት ጣት ይነካካሉ፤ ከዚያ ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው «ሦስት ቀን እንየው» ይላሉ። መርፌ የለ፣ ሽሮፕ የለ። ውሃ ቶሎ ቶሎ፣ ስስ ልብስ፣ እንቅልፍ፤ በቃ። ሁለት ሰዓት ወረፋ የጠበቀች እናት እያጉረመረመች ስትወጣ፣ ሐኪሙን የለመደች ጎረቤቷ «የእሳቸው መርፌ ቀን መቁጠር ነው፤ ልመጂው» ትላታለች።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው። በግራው ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፣ በቀኙ ልብስ ሰፊዋ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ምርመራ ክፍሉ ድረስ ይዘልቃል። የወረፋ መቀመጫው ስፖንጅ በልጆች ጣት ተቦርቡሮ ጎድጉዷል። ነርሷ በየዓመቱ አዲስ ልባስ ታስለብሰዋለች፣ ልጆቹ በወሩ ይቀዳድዱታል። ስትቆጣቸው ዶክተሩ «ተያቸው፣ ፈርተው ከሚያለቅሱ እየነቀሉ ይጠብቁ» ይሏታል።

ምክራቸው አጭር ነው፤ ግን ቤት ድረስ ይከተላል። ትኩሳት ያለበትን ሕፃን በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልላ የመጣችውን፣ ልጅ ዳቦ እንዳልሆነና ትኩስነቱን ይጠብቅ ተብሎ እንደማይሸፈን ነገሯት። ከጎረቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ለልጇ የሰጠችውን ደግሞ የጎረቤት ልጅ ጫማ ለልጇ ታደርግለት እንደሆነ ጠየቋት። ልጄ አይበላም ብሎ ማንኪያ ይዞ ሲያሳድድ ለሚውል አባት፣ ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ የወላጅ ሥራ መሆኑን፣ ስንት ጉርሻ እንደሚበላ ግን ለልጁ ሆድ መተው እንዳለበት አስረዱት። «አንተንስ ሚስትህ ማንኪያ ይዛ ብታሳድድህ ትበላለህ?» ሲሉት አባትየው ራሱ ሳቀ። ልጆቹን ለብቻቸው ያናግሯቸዋል። መዳፉን ብቻ የታጠበ ልጅ ግማሹን እንደታጠበ፣ ሌላው ግማሽ ጣቶቹ መሀል ተደብቆ እንደሚስቅበት ሲነግሯቸው ልጆቹ ጣታቸውን ፈልቅቀው ያያሉ።

ሦስት ቀን ግን ለሁሉም አይሠራም። እናቶቹ ከመውጣታቸው በፊት እንደ ተማሪ ያስደግሟቸዋል። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰው፣ መጠጣት ካቃተው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ፈዝዞ ዝም ካለ፣ ያኔ ሦስት ቀን ቀርቶ ሦስት ደቂቃም አይጠበቅም። «የሚያለቅስ ልጅ ጉልበት አለው» ይላሉ። «እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው።»

መኖሪያቸው ከክሊኒኩ በላይ ያለው ፎቅ ነው። አሁን ብቻቸውን ናቸው። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ከቤት ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ።

ልጁ የሕክምና ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለ አንድ ቅዳሜ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣና፣ እንደማይመለስና የእንጨት ሥራ ሊማር እንደሆነ ተናገረ። ዶክተሩ አልጮሁም። ጩኸት አያውቁም። ሦስት ቀን እንዲያስብበት፣ ከዚያ እንደሚነጋገሩ ነገሩት። ልጁ ትንሽ አያቸውና «አባዬ፣ እኔ'ኮ በሽታ አይደለሁም» አለ። በአራተኛው ቀን ሄደ። እናቱ ሹራቧን ደርባ ልትከተለው ስትወጣ ክንዷን ያዟት፤ ትኩሳት ነው፣ ይበርድለታል አሏት።

በመጀመሪያው ዓመት ልጁ ለእናቱ ይደውል ነበር። ይጨቃጨቃል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል። ዶክተሩ ከሌላው ክፍል ሆነው በስልኩ የሚሾልከውን ድምፅ ይሰሙና ጉልበት አለው ብለው ይረጋጉ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስልኩ ቀነሰ። በሦስተኛው ጭራሽ አጭር ሆነ፤ ደህና ናችሁ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ። ዶክተሩ ለሚስታቸው ልጁ እንደረጋ፣ ሰው እንደሆነ ነገሯት። እሷ ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ ልጁ ለቀብር መጣ፤ ከወንዶቹ ጋር ቆመ፣ የአባቱን ትከሻ ያዝ አደረገ፣ ማታውን ተመለሰ። ክፉ ቃል አልተናገረም። ዶክተሩም ነገሩ ያለፈ መሰላቸው።

ያለፈ ይምሰላቸው እንጂ ናፍቆቱ አላለፈም። በቁም ሳጥናቸው ውስጥ የልጁ የክትባት ካርድ አለ። በገዛ እጃቸው የጻፉት ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የተከተበበት ቀን ሁሉ በየመስመሩ ተደርድሯል። አምስት ዓመት ሲሞላው ዐሥራ ስምንት ኪሎ ነበር። ከዚያ በታች ያሉት መስመሮች ባዶ ናቸው። ከምሳ በኋላ ነርሷ እስክትመለስ ድረስ ካርዱን ያወጡና ባዶዎቹን መስመሮች ያያሉ። ስንት ኪሎ ሆኖ ይሆን? ጨጓራው አሁንም ያመዋል? ሲበርደው አንገቱን የሚያለብሰው ሰው አለ? ለሰው ልጅ ሁሉ የሚጠይቁትን ጥያቄ ለራሳቸው ልጅ የሚያደርሱበት መንገድ ጠፋቸው። አንድ ሹፌር ልጁን ሊያሳክም መጥቶ፣ በሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያለች ከተማ ውስጥ ከአውቶብስ ተራው ጀርባ የሕፃን አልጋ የሚሠራ ወጣት እንዳየ፣ መልኩ ቁርጥ እሳቸውን እንደሆነ፣ ሴት ልጅም እንዳለችው ነግሯቸው ነበር። «ጥሩ ነው» ብለው የመድኃኒት ማዘዣውን ጻፉለት። ሹፌሩ ከወጣ በኋላ ቀጣዩን በሽተኛ ለመጥራት ጊዜ ወሰደባቸው።

አንድ ማክሰኞ የልብስ ሰፊዋ የስምንት ወር ልጅ ተቅማጥ ይዞት መጣ። አዩት፤ ይጠጣል፣ ይጮሃል። በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት ሰጥተው፣ በማንኪያ በማንኪያ እንድታጠጣው ነግረው፣ እንደ ልማዳቸው ምልክቶቹን አስደግመው ሸኟት። ረቡዕ ጠዋት ሕፃኑ በግድግዳው በኩል ሲያለቅስ ሰሙት። ረፋድ ላይ ለቅሶው ቆመና በስፌት መኪናው ድምፅ ተተካ።

ዶክተሩ የአንዲት ሴት ልጅ ደረት እያዳመጡ ነበር። ድንገት ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወጡና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ነርሷ በኋላ እንደነገረችን፣ ፊታቸው ያን ጊዜ የሐኪም ፊት አልነበረም። ወጥተው ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገቡ። ሕፃኑ ከተቆረጠ ጨርቅ ክምር አጠገብ ተጋድሟል፤ ዓይኑ ጎድጉዶ ግማሹ ተገልጧል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት እንደተሸበሸበ ቀረ። አንስተውት ሮጡ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ መኪናውን አስነሳ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሆስፒታል ውስጥ ግሉኮሱ በደም ሥሩ ገብቶ ሕፃኑ ማልቀስ ሲጀምር፣ እናቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ ነበር። አብራቸው የመጣችው ነርስ ዶክተሩ ሊቆጧት ነው ብላ ጠብቃለች፤ ምልክት ነግረዋቸው በሚዘነጉ ወላጆች ላይ ምላሳቸው ስለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ዝም ሲል የተሻለው መስሎኝ ነበር፣ ዶክተር። ደስ ብሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ።»

ዶክተሩ አጠገቧ ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወለሉን አዩ።

«እኔም» አሉ።

ነርሷ ስለዚያ ሕፃን የሚያወሩ መሰላት።

በማግስቱ ሐሙስ ክሊኒኩ ተዘጋ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ፣ ከሚስታቸው ለቅሶ በቀር፣ በሥራ ቀን ሲዘጋ የመጀመሪያው ነው። እናቶች በሩ ላይ ተሰብስበው «ዶክተር ሦስት ቀን ራሳቸው ታመው ይሆን?» ተባባሉ። ጠዋት ነርሷ ቁልፍ ልትቀበል ስትመጣ ዶክተሩን ከረባት ሲያስሩና ሲፈቱ አገኘቻቸው። «ሙሽራ መሰሉ'ኮ» ብትላቸው ከረባቱን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት።

አራት ሰዓት ላይ ከአውቶብስ ወረዱ። ሱቁን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ሁለት የሕፃን አልጋ ደጁ ላይ ቆሟል። ያልቻሉት መግባቱን ነው። ማዶ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሻይ አዘዙ፣ ቀዘቀዘ፤ ሌላ አዘዙ። በተከፈተው በር አንድ ሰው እንጨት ሲልግ ይታያል። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቷል። ትከሻው ሰፍቷል። በቀብሩ ቀን ቢያዩትም፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሐሳባቸው የሚያዩት የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፤ ይሄ ሰው ጎልማሳ ነው። እሳቸው ያላዩት ስንት ቀን ይህን ትከሻ እንደሠራው አሰቡ። ስምንት ሰዓት ሲል ተነሥተው መንገዱን ተሻገሩ።

ልጁ ዞሮ አያቸው። መላጊያውን አስቀመጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እሺ?»

አውቶብስ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያዘጋጁት ንግግር ነበር። ከየት ይምጣ።

«ዝም ስትል ደህና የሆንክ መስሎኝ ነበር» አሉ። «እኔ፣ ሐኪሙ።»

ልጁ ጣውላው ላይ ያለውን ብናኝ በመዳፉ ጠረገ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገራቸው። ሱቁን እዚህ የተከራየው አውቶብስ ተራው ስለሚቀርብ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ አውቶብስ በቆመ ቁጥር ቀና ይል ነበር። ከዚያ ሥራው ሲበዛበት፣ እጁም በመላጊያው ሲቆረጥ፣ የሥራ ጠረጴዛውን አዞረው፤ ጀርባው ለበሩ እንዲሆን። ሲናገር አልተቆጣም። ዶክተሩ ቢቆጣ ይመርጡ ነበር።

የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘለች የሰባት ዓመት ልጅ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። እንግዳውን ከጫማቸው እስከ ሽበታቸው አየቻቸው።

«ማነው?» አለች አባቷን።

ልጁ ከእጁ ላይ ብናኝ አራገፈ።

«ሐኪም ነው።»

ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች። መርፌ ይዘው እንደሆነ እጃቸውን ፈተሸች፤ ባዶ ነው። ከዚያ ሐኪም ቤት እንደለመደችው ቀረብ አለች፤ አንገቷን ወደ ኋላ ሰጥታ አፏን በሰፊው ከፈተች።

ዶክተሩ አጎነበሱ፤ ጉልበታቸው ተንቋቋ። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። በቦታቸው እንደ ሩዝ ፍሬ የነጡ የአዲሶቹ ጫፎች ብቅ ብለዋል። መቼ ወለቁ? ማን ነቀለልሽ? በስንት ወርሽ ቆምሽ? ሲያተኩስሽ አጠገብሽ የሚቀመጠው ማነው? ሁሉም ምላሳቸው ጫፍ ደረሰ። አንዱንም አልጠየቁም።

ልጅቷ አፏን ገጠመች። «ምን አለብኝ?»

«ምንም የለብሽም። ጤነኛ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

ልጃቸውን አዩት። ወደ ሥራው አልተመለሰም፤ ቆሞ ያያቸዋል።

«ልይሽ ብዬ» አሏት።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችበት። «አየኸኛ እንግዲህ» ብላ አልፋቸው ሄደች፤ ከአባቷ ቦርሳ ዳቦ አውጥታ መብላት ጀመረች።

ዶክተሩ መሀል ላይ ቆመው ቀሩ። ደጅ አውቶብስ ጥሩምባ ነፋ፤ የመመለሻቸው ይሆናል። ልጃቸው ጥግ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱን አነሣ፣ በክንዱ ብናኙን ጠረገና አጠገባቸው አስቀመጠው።

«ሙጫው ገና አልያዘም» አለ። «ቀስ ብለህ ተቀመጥ።»